ማዲያትን ከዕፅዋት በተገኙ ንጥረ ነገሮች ማደብዘዝ

መድኃኒት ቀማሚ ነኝ። ማዲያት ወይም ብጉር ትቶት የሄደ ጥቁር ምልክት ያለበት ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፀሐይ ነው። ፀሐዩ ካልተከለለ የምቀምመው ቅባት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከልብ ያሳዝነኛል።

የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። በውስጣቸው ታይሮሲኔዝ የተባለ፣ መዳብ ያዘለ ኢንዛይም አለ፤ ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ሜላኒን የመለወጡን ሥራ የሚጀምረው እርሱ ነው። አብዛኞቹ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች የሚይዙት ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ከአንዳንድ የቤሪ ቁጥቋጦዎች ቅጠል የሚገኘው አርቡቲን በመልኩ ከታይሮሲን ጋር ስለሚቀራረብ ቦታውን ይሻማዋል። ሊኮሪስ ከተባለው ተክል ሥር የሚወጣው ግላብሪዲን ኢንዛይሙን ከመግታቱም በላይ የቆዳን መቆጣት ያበርዳል፤ ለብጉር ምልክት እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። ሙቀት ያልነካው አኩሪ አተር ፕሮቲን ግን ኢንዛይሙን ትቶ፣ የተሠራው ቀለም ወደ አጎራባች ሕዋሳት እንዳይተላለፍ ያዘገያል።

አንዳቸውም ቆዳ ላይ የወጣውን ቀለም አያጥቡም። አዲሱን ይቀንሳሉ፤ አሮጌው ከሚረግፈው ቆዳ ጋር ይሄዳል። የላይኛው ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳትጠብቁ ቅባቱን አትፍረዱበት።

አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ምረጡ። ሁለት ባንድ ቀን ጀምራችሁ ፊታችሁ ቢቆጣ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም፤ መቆጣቱ ራሱም ሌላ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ቆዳችሁ ካልተቆጣ ማታ ማታ፣ በታጠበና በደረቀ ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ምልክቱን ብቻ ቀቡ። ጠዋት ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ተቀቡ፤ ደጅ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ማዲያት በዓይን በሚታየው ብርሃንም ይባባሳልና የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው መከላከያ ይሻላል።

ቅጠል ቀቅሎ ፊትን መታጠብ አልመክርም፤ የንጥረ ነገሩ መጠን አይታወቅም። ሎሚ መቀባትንስ አጥብቄ እከለክላለሁ። በሎሚ ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪኖች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው የሚተወው ጥቁረት ለመጥፋት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይዘቱ ያልተጻፈበትና በሳምንት ውስጥ ፊት የሚያነጣ ቅባትም ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖርበት ስለሚችል አትንኩት።

ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ምልክቱ ቅርጹን ወይም ቀለሙን እየለወጠ፣ እየሰፋ ወይም እየደማ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትቀቡ የቆዳ ሐኪም ይየው።