ነዳጅ ሲጨምር ታክሲ ለማግኘት

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር መኪናውን ቤት የሚያቆመው ሰው ይበዛል፣ እሱም ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨመራል። ባለታክሲዎቹም ማደያ ተሰልፈው ስለሚያረፍዱ ጠዋት መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ በጣም ያደክማል።

እንዲህ ሲሆን ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ሂዱ። ለምሳሌ ከሾላ ወደ አራት ኪሎ የምትሄዱ ከሆነ፣ እዚያው ከመጠበቅ ወደ መገናኛ ተመልሳችሁ ከመነሻው ተሳፈሩ፤ ሚኒባስ የሚሞላው መነሻው ላይ ስለሆነ መሃል መንገድ ስትደርስ ወንበር የላትም፣ እናንተም እጃችሁን ዘርግታችሁ ስታልፋችሁ ታያላችሁ። መነሻው ላይ ግን ሰልፉ ቢረዝም እንኳ ተራ አለ፣ ወረፋችሁን ታውቃላችሁ።

መነሻው በእግር ሩቅ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። ባቡር የሚያልፍበት መስመር ላይ ያላችሁም መጀመሪያ እሱን ሞክሩ፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የማደያ ሰልፍ አያስቀረውም።