ከማደያ ታንክ የሚያፈስ ነዳጅ አፈርንና የጉድጓድ ውሃን መበከሉ እንዴት ይጣራል?

በባሕር ዳር ከማደያ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ማየት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ጣና ዳር በመሆኗ በብዙ ሰፈር ውሃው ቅርብ ነው። መሬቱ ከላይ ዋልካ ወይም ቀይ አፈር ሲሆን ከሥሩ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ዋልካው በበጋ ሲሰነጣጠቅ ነዳጁን በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ ድንጋዩ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ስንጥቅ እየተከተለ ስለሚሄድ በማን ጉድጓድ እንደሚወጣ በግምት ማወቅ አይቻልም።

ሥራው የሚጀምረው ከማደያው መዝገብ ነው። በቦቴ የገባውን፣ በፓምፕ የተሸጠውንና በየማለዳው በመለኪያ ዘንግ የተለካውን ቀሪ ነዳጅ ቢያንስ የሦስት ወር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ነዳጅ በሙቀት ስለሚሰፋና በቅዝቃዜ ስለሚኮማተር የአንድ ቀን ጉድለት ብዙ አይናገርም፤ በየሳምንቱ ሲጎድል ግን ታንኩም ቧንቧውም ይጠረጠራሉ። እኔ ይበልጥ የማምነው ሌላ ምልክት ነው፦ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት በዘንጉ ጫፍ ተቀብቶ ከታንኩ ወለል ላይ ያለው ውሃ ይለካል። የመሙያው ክዳን ዝናብ እንደማያስገባ ከተረጋገጠ በኋላ ይህ ውሃ በነሐሴ ከፍ እያለ ከሄደ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በቀዳዳ እየገባ ነው። ውሃ በክረምት በገባበት ቀዳዳ በበጋ ነዳጅ ይወጣል።

ከቁፋሮ በፊት የመብራት፣ የውሃና የነዳጅ መስመሮች የት እንዳሉ ይወቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ በአየሩ ውስጥ 1.4 ከመቶ ያህል ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ለማየት ተብሎ ማንም ሰው ወደ ጉድጓድ አይውረድ።

ቀጥሎ የጎረቤት ጉድጓዶችን ይጎብኙ። ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ በቀጭን እንጨት ይንኩት፦ ተሰባብሮ ስብርባሪው ተለያይቶ ከቀረ ብረት ባለበት ውሃ የሚኖሩ ተሕዋስያን የሠሩት ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ተመልሶ ከተገጣጠመ ግን ዘይት ወይም ነዳጅ ነው። ይህች ቀላል ፈተና ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ከመደንገጥ አድናለች።

የአፈር ናሙና በእጅ መሰርሰሪያ በየግማሽ ሜትሩ ይወሰዳል። አፈሩ ወደ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የተለወጠበትን ጥልቀት ይመዝግቡ። አፈሩን በአፍንጫ እያሸተቱ መመዘን ልማድ ቢሆንም ለጤና ጎጂ ነው፤ በፕላስቲክ ከረጢት ግማሽ ድረስ ከትቶ አስሮ ጥቂት ደቂቃ ሙቀት ላይ ካቆዩ በኋላ ትነቱን በጋዝ መለኪያ መሣሪያ ማንበብ ይሻላል። በተለይ የበጋውና የክረምቱ የውሃ ከፍታ መካከል ያለው አፈር እንዳይዘለል፤ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ነዳጁን የሚለቀልቀው እዚያ ነው።

የመከታተያ ጉድጓድ፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃን ለመመርመር ቱቦ የሚገባበት ጠባብ ጉድጓድ፣ ማውጣት ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በግንቦት ስቆፍር ውሃውን 4 ሜትር ላይ አገኘሁት። ቀዳዳ ያለውን የፒቪሲ ቱቦ ከ3 ሜትር ተኩል ወደ ታች አስገብቼ ከዚያ በላይ ያለውን በድፍን ቱቦ ዘጋሁት። በመስከረም ናሙና ልወስድ ስመለስ ውሃው እስከ 2 ሜትር ወጥቶ ነበር። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ በዚያ ወቅት ከድፍኑ ቱቦ ውጭ ተንሳፍፎ ቆሞ ኖሯል፤ እኔ ግን ከሥሩ በገባው ውሃ «ነዳጅ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። በጥር ወር ውሃው ሲወርድ ከማደያው ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠርተውኝ «ልጄ፣ ጠላዬ ላምባ ላምባ አለኝ፤ እንስራው መስሎኝ ሁለት ጊዜ አጥኜዋለሁ» አሉኝ። የጠነሰሱት በጉድጓዳቸው ውሃ ነበር። እኒያ ቤተሰብ ያን ውሃ ወራት ሙሉ የጠጡት የእኔን ወረቀት አምነው ነው።

ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከክረምቱ ከፍተኛ የውሃ ልክ በላይ ጀምሮ ከበጋው ዝቅተኛ ልክ በታች ቢያንስ አንድ ሜትር መውረድ አለበት። ከፍተኛውን ልክ ለማወቅ የቆዩ ጉድጓዶች ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ይዩ፤ ባለቤቶቹንም ይጠይቁ። በቱቦው ዙሪያ ንጹሕ አሸዋ ይሞላል፤ ከአሸዋው በላይ የጎርፍ ውሃ እንዳይሰርግ በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) እና በሲሚንቶ ይዘጋል። በቱቦው ውስጥ የሚታየው የነዳጅ ውፍረት አፈሩ ውስጥ ካለው ስለሚበልጥ፣ በእሱ ተመሥርቶ የፈሰሰውን ሊትር ማስላት ያሳስታል።

ባሕር ዳር ላይ ውሃ ሁሉ ወደ ጣና ይፈሳል ብሎ መነሣት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዓባይም፣ በአካባቢው ያለ ትልቅ የውሃ ፓምፕም አቅጣጫውን ሊለውጡት ይችላሉ። ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈሩና የአፋቸው የከፍታ ልዩነት ይለካ፤ ሌቭል የተባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ባይገኝ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ለአጭር ርቀት ይበቃል። ከዚያ በአንድ ቀን የሦስቱ የውሃ ልክ ይለካል፤ ውሃው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል።

ናሙና ከመውሰድዎ በፊት በግልጽ መቅጃ ቀድተው የሚንሳፈፍ ነዳጅ መኖሩን ይዩ። ከዚያ በቱቦው ካለው ውሃ ሦስት እጥፍ ቀድተው ካስወጡ በኋላ 40 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ ይሙሉ። ብልቃጡ አሲድ ተጨምሮበት ሊመጣ ስለሚችል እንዳይትረፈረፍ ቀስ ብሎ እስከ አፉ ጢም ብሎ ይሞላና ይከደናል፤ ተገልብጦ መታ መታ ሲደረግ የአየር አረፋ ከታየ እንደገና በአዲስ ብልቃጥ ይቀዳል። ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ ሙቀት ላይ የዋለ ናሙና ዋጋ የለውም፤ የምንፈልገው ነገር ተንኖ ያልቃል። በበረዶ ተይዞ፣ አሲድ ያለበት ቢበዛ በ14 ቀን ውስጥ በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ማለቅ አለበት።

ቤተ ሙከራው በዋናነት እንዲለካ የሚጠየቀው ቤንዜን ነው። ስሙ ከመኪናው ቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ይህ በቤንዚን ውስጥ የሚገኝ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። 1 ከመቶ ቤንዜን ያለው አንድ ሊትር ቤንዚን 700,000 ሊትር ያህል ውሃን ገደቡ ላይ ለማድረስ ይበቃዋል። ለናፍጣ ደግሞ አጠቃላይ የፔትሮሊየም ሃይድሮካርቦን ልኬት (የነዳጅ ውህዶች ድምር) ይጨመር።

ልኬቱ በግንቦትና በመስከረም ይደገም። ጎረቤቶች ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ሽታ ወይም የማይበታተን ሽፋን በታየበት ቀን ውሃውን ለመጠጥም ሆነ ለምግብ እንዳይጠቀሙ ይነገራቸው። ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ መጨመር ነዳጅን አያስወግድም፤ ማፍላትም ትነቱን ወደ ማድ ቤቱ አየር ይለቅቀዋል።