ዩሮፒየም አልበራ ሲል፣ ዩራኒየም ሲደበዝዝ፦ ችግርና መፍትሄ ከጣና ዳር

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ላንታናይዶችንና (እንደ ዩሮፒየም ያሉ ብረቶችን) ዩራኒየምን በፍሎረሰንስ መሣሪያ፣ ማለትም ናሙናውን በብርሃን አነቃቅቶ መልሶ የሚሰጠውን ብርሃን በሚያነብ ማሽን፣ ለሚለኩ ተማሪዎችና የላብ ባለሙያዎች ነው። በተለይ የጣናን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ለሚመጡት። ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ የተሳለበት ግራፍ) ሲበላሽ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማሽኑ ምን ሆነ?» ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩልኝ፤ የተለወጠው የፒኩ (የግራፉ ጫፍ) ቦታ ነው ወይስ ቁመቱ?

ላንታናይዶች ላይ ሁለቱ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ብርሃን የሚሰጡት የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖች በ5ኤስና በ5ፒ ኤሌክትሮኖች ተከልለዋል። ጓዳ ያለ ሰው ደጅ የሚወራውን በደንብ እንደማይሰማ፣ እነሱም ዙሪያቸውን የከበባቸው ውሃ ይሁን አሲድ ብዙም አይሰማቸውም። ስለዚህ ዩሮፒየም የትም ብታስገቡት 592 እና 616 ናኖሜትር አካባቢ ይበራል። ሁሉም ፒኮች 3 ናኖሜትር ከሸሹ መሣሪያውን ጠርጥሩ። ቦታው ሳይነቃነቅ ቁመቱ ከወደቀ ደግሞ መጀመሪያ ኩቬቱ (የናሙናው መያዣ) ውስጥ ያለውን ፈትሹ። ዩራኒየም ላይ ይህ ሕግ ይላላል፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ዩሮፒየሙ አለ፣ ብርሃኑ የለም

መጀመሪያ በምን ሞገድ እያነቃቃችሁት እንደሆነ እዩ። ዩሮፒየም ብርሃን የሚመጥጥበት ሽግግር በኳንተም ሕግ የተከለከለ ስለሆነ በጣም ደካማ ነው። 394 ናኖሜትር ላይ እንኳ የመምጠጥ መጠኑ በሞላር በሴንቲሜትር 3 አካባቢ ነው። 1 ሚሊሞላር ሶሉሽን በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት ብትለኩ አብዞርባንሱ (የመምጠጡ ልክ) 0.003 ይሆናል። ከገባው ብርሃን የሚመጠጠው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ያው መጠን ፐርማንጋኔት ቢሆን 525 ናኖሜትር ላይ ከ2 በላይ ያነባል። መስመሩ ደግሞ ጠባብ ነው። «390 ይበቃል» ብሎ የሞላ ሰው አብዛኛውን አጥቶታል። መፍትሄው ቀላል ነው፤ የሚወጣውን ብርሃን 616 ላይ አቁሙና ማነቃቂያውን ከ350 እስከ 420 ስካን አድርጉ። ጫፉ ያለበትን መሣሪያችሁ ራሱ ያሳያችኋል።

ይህ ተስተካክሎም ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ተጠያቂው ውሃው ነው። የተነቃቃው ዩሮፒየም አጠገብ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር ካለ፣ ጉልበቱ በብርሃን ፈንታ ወደዚያ ትስስር ንዝረት ይሄዳል። ዩሮፒየም ወደ ታች ለመውረድ የሚዘለው ክፍተት በሴንቲሜትር 12,000 አካባቢ ሞገድ ነው። አንዱ ንዝረት ወደ 3,400 ይወስዳል። ሦስት አራት ንዝረት ሆኖ ብርሃኑን ይበላዋል።

ይህን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ይቻላል። መሣሪያችሁ የብርሃኑን ዕድሜ የሚለካ ከሆነ ለኩት። ዩሮፒየም በተራ ውሃ ውስጥ 0.11 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ በዲውቴሪየም በተተካ ውሃ) ውስጥ ግን 4 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። ሆሮክስና ሱድኒክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በዩሮፒየሙ ዙሪያ ያለውን ውሃ የሚቆጥር ስሌት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። 1 ለ0.11 ሲካፈል 9.09 ነው። 1 ለ4 ሲካፈል 0.25 ነው። ልዩነታቸውን በ1.05 ስታባዙት 9.3 ገደማ ይመጣል። ዩሮፒየሙን ዘጠኝ ያህል የውሃ ሞለኪውሎች ከበውታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሰዓት ቆጣሪ መውጣቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከባድ ውሃ ውድ ነው፣ እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም። ግን ግድ የለም። የእናንተ ናሙና ወደ 0.11 ከተጠጋ፣ ዩሮፒየሙ በውሃ ብቻ እንደተከበበ በቂ ምስክር ነው።

መድኃኒቱ ውሃውን የሚያስወጣ ሊጋንድ (ብረቱን የሚይዝ ሞለኪውል) ነው። ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ጥሩ ምርጫ ነው። ሦስቱ አንድ ዩሮፒየም ከበው ውሃውን ይገፉታል። ቀለበታቸው ደግሞ 280 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አልትራቫዮሌት በብዛት መጥጦ ለዩሮፒየሙ ያቀብላል፤ ይህን የጉልበት ቅብብሎሽ ዌይስማን በ1942 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሩ፣ ፒኤቹን 7 አካባቢ ያዙ፣ ማነቃቂያውን ወደ 280 አውርዱ። ልዩነቱን ለማየት መሣሪያም አያስፈልጋችሁ ይሆናል። በአልትራቫዮሌት መብራት ስር ቀይ ሆኖ ይታያል።

ጠዋት የነበረው ፒክ ከሰዓት ጠፋ

ይህ የጣና ውሃ ላይ ዩሮፒየም ጨምረው የሚለኩ ሰዎች የዘወትር ቅሬታ ነው። የሐይቁ ውሃ ወደ አልካላይን ያዘነብላል። ካርቦኔትና ፎስፌት አለው። ላንታናይድ ደግሞ ከሃይድሮክሳይድ፣ ከካርቦኔትና ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ ወደ ታች ይዘቅጣል። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ቡናማ ደለል ይዘው ሲገቡ ነገሩ ይብሳል፤ ጭቃው ራሱ ዩሮፒየሙን ይለጥፈዋል። የመስታወት ጠርሙስ ግድግዳም እንዲሁ።

መፍትሄው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ውሃውን መጀመሪያ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ። ከዚያ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ፒኤቹ ከ2 እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ጨምሩ። መለኪያ ዩሮፒየሙን የምትጨምሩት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት፣ አሲዱ ጭቃው ላይ የተጣበቀውን ብረታ ብረት ሁሉ ፈትቶ ወደ ናሙናችሁ ያስገባዋል። የሐይቁን ውሃ እየለካን ነው ብላችሁ የምትለኩት ደለሉን ይሆናል። ሊጋንድ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ልትለኩ ስትሉ ፒኤቹን መልሱት። ፎስፌት ባፈር ግን በፍጹም አትጠቀሙ።

ምንም ያልተጨመረበት ውሃ ዩሮፒየም አሳየ

በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዩሮፒየም ብዙ ጊዜ በሊትር በናኖግራም የሚቆጠር ነው። በተራ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ሳይጠራቀም አይታይም። ስለዚህ ብላንካችሁ (ምንም ያልተጨመረበት ናሙና) 611 ናኖሜትር ላይ ሹል ቀይ ፒክ ካሳየ አትደሰቱ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ።

ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችና ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሎረሰንት ቱቦዎች ቀዩን ብርሃናቸውን የሚያገኙት ከዩሮፒየም ነው። በኢትሪየም ኦክሳይድ ውስጥ የገባ ዩሮፒየም 611 ላይ ያበራል። አረንጓዴውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቴርቢየም ነው። የናሙና ክፍሉ ክዳን በደንብ ካልገጠመ የጣሪያው ዩሮፒየም ወደ ዲቴክተሩ ይገባል። እጅ ከፍንጅ የሚያዝበት መንገድ አለ። በአምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ 435.8 እና 546.1 ላይም መስመር ታያላችሁ። የማነቃቂያውን መብራት ዝጉና ለኩ፤ ፒኩ ካልጠፋ የመጣው ከውጭ ነው። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ክዳኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። የላቡን አምፖሎች ወደ ኤልኢዲ መቀየርም እነዚህን ሹል መስመሮች ያስቀርላችኋል።

ማነቃቂያውን ስትቀይሩ አብሮ የሚሸሽ ፒክ

306 ላይ አነቃቅታችሁ 612 ላይ ፒክ ካገኛችሁ፣ ያ የመብራታችሁ ሁለተኛ ሥርዓት ብርሃን ሊሆን ይችላል። ግሬቲንጉ (ብርሃኑን በሞገድ የሚለየው ክፍል) የማነቃቂያውን ሞገድ በእጥፉ ቦታ ላይ ይደግመዋል። ማነቃቂያውን 5 ናኖሜትር አንሱት። ፒኩ 10 ከተንቀሳቀሰ ዩሮፒየም አይደለም። ከ400 በታች ያለውን የሚያግድ ፊልተር ዲቴክተሩ ፊት አድርጉ። የውሃው ራማንም (ውሃው ራሱ የሚበትነው ብርሃን) እንዲህ ይከተላችኋል፤ 394 ላይ ስታነቃቁ 455 አካባቢ ይወጣል።

ሰፊ ሰማያዊ ጉብታ

ከ400 እስከ 500 የተነፋው ጉብታ የሐይቁ የበሰበሰ እፅዋት ነው፤ እንቦጭ በሚበዛበት ዳርቻ ይህን መጠበቅ አለባችሁ። ኦርጋኒክ ቁሶቹ በናኖሰከንድ ውስጥ ያበቃላቸዋል፣ ዩሮፒየም ግን በመቶ ማይክሮሰከንድ ይቆያል። መሣሪያው የፎስፎረሰንስ ሁነታ ካለው 50 ማይክሮሰከንድ ጠብቆ እንዲጀምር አድርጉት። ጉብታው ይጠፋል፣ ዩሮፒየሙ ይቀራል።

ሁሉም ፒኮች በአንድነት ሸሹ

የሞገድ ርዝመት ማስተካከያው ተዛብቷል። አብዞርባንስ መሣሪያ ላይ ሆልሚየም ይፍረድ። በፐርክሎሪክ አሲድ የተዘጋጀው ሆልሚየም ኦክሳይድ 361፣ 451፣ 485 እና 536 ላይ ይመጥጣል። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ ራሳችሁ ከምታዘጋጁት የታሸገውን ኩቬት ወይም የሆልሚየም መስታወቱን ተጠቀሙ። መስታወቱ ትንሽ ስለሚለይ የራሱን ሰርተፊኬት አንብቡ። ለፍሎረሰንሱ ያ የጣሪያው ሜርኩሪ አሁን ይጠቅማችኋል፤ 546.1 የት እንደሚያነብ እዩ። ፒኮቹ ሳይሸሹ ተደፍጥጠው ከተቀላቀሉ ግን ስሊቱን (ብርሃኑ የሚያልፍበትን ክፍተት) ወደ 1 ናኖሜትር አጥብቡ።

የ616ቱና የ592ቱ ንጽጽር ከቀን ቀን ከተለያየ መሣሪያውን አትንኩ። 592ቱ ጎረቤቱን አይሰማም፣ 616ቱ ግን በጣም ይሰማል። በውሃ ብቻ ሲከበብ 592ቱ ይበልጣል፤ ሊጋንድ ሲይዘው 616ቱ ይነሳል። ፒኤቹን ለኩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁጥሩ ይዋልላል

ዜኖን መብራቱ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ስጡት። በጋለበት ወዲያው መልሳችሁ አታብሩት፣ ይቀዝቅዝ። በየናሙናው መሐል አንድ የታሸገ የዩሮፒየም ኩቬት ለኩና ቁጥሮቻችሁን በእሱ አካፍሉ።

የዩራኒል አረንጓዴ ደበዘዘ

ዩራኒል (ዩራኒየም ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ውሃ ውስጥ የሚገኝበት መልክ) 488፣ 510፣ 533 እና 559 ናኖሜትር አካባቢ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ፒኮች አሉት። የ5ኤፍ ኤሌክትሮኖች እንደ 4ኤፍ አልተከለሉም፣ ስለዚህ ጎረቤቱ ቦታቸውን ጭምር ያነቃንቃል። ፎስፌት ሲይዘው ደረጃው በሙሉ ጥቂት ናኖሜትር ወደ ቀይ ይሄዳል። ማሽኑ ተዛባ ከማለታችሁ በፊት በሜርኩሪው መስመር አረጋግጡ።

ብርሃኑ ከጠፋ ክሎራይድ ፈልጉ። ክሎራይድ የዩራኒልን ብርሃን ያፍናል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጋችሁት እንደሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የፒኤች መለኪያውን ኤሌክትሮድ ነው። ውስጡ ፖታሲየም ክሎራይድ አለ፣ ናሙናው ውስጥ ተዘፍዝፎ ከቆየ ይፈሳል። ለፒኤች ትንሽ ቀንሳችሁ በሌላ ዕቃ ለኩ፣ የለካችሁበትን አትመልሱ። በናይትሪክ አሲድ ሥሩ፣ ከዚያ ፎስፈሪክ አሲድ ጨምሩ። ያ ላንታናይዱን ያዘቀጠው ፎስፌት እዚህ ብርሃኑን ያጠነክረዋል፣ ዕድሜውንም ያረዝመዋል።

ሙቀትም ይነካዋል። የባሕር ዳር የሚያዝያ ከሰዓት ከጠዋቱ የተለየ ቁጥር ይሰጣችኋል። የኩቬት መያዣውን በአንድ ሙቀት ያዙ፣ ካልተቻለ ስታንዳርዱንና ናሙናውን ተከታትላችሁ ለኩ። አልኮል ያለበትን የዩራኒል ሶሉሽን መስኮት ዳር አታስቀምጡ፤ ፀሐይ ዩራኒየሙን ወደ አራተኛው የኦክሲዴሽን ደረጃ ልታወርደው ትችላለች፣ ያኔ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ የምትፈልጉት ብርሃንም አይኖርም።

ዩራኒየም ከጨረሩ ይልቅ ለኩላሊት በመርዝነቱ ያሰጋል። ጓንት አድርጉ፣ በትሪ ላይ ሥሩ፣ ቅሪቱን ምልክት ባለው ዝግ ዕቃ አጠራቅሙ። አንዲት ጠብታም ወደ ላቡ ማጠቢያ እንዳትገባ፤ የከተማው ፍሳሽ መጨረሻው ጣናና ዓባይ ነው።