ደሴ ላይ በትንሽ ብር የውጭ ማድ ቤት ስትሠሩ

ከብሎኬት አትጀምሩ። ግቢ ውስጥ ማድ ቤት ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የብሎኬት ዋጋ ነው፤ ከዚያ ብሩ ግድግዳው ላይ ያልቅና ክዳኑ በአሮጌ ቆርቆሮና በላስቲክ ይሸፋፈናል። ደሴ ላይ መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። እዚህ ጠላታችን ዝናብና ነፋስ ስለሆነ ብራችሁን ክዳኑና ምድጃው ላይ አውሉት። ግድግዳው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ አብሽሩ።

መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። የተወሰኑ ቀናት ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ላይ ትንሽ እሳት እያነደዳችሁ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት ከሄደ ቦታ ቀይሩ፣ በጭስ ከጎረቤት መጣላት አያዋጣም። የመብራት ገመድ ከሚያልፍበት ሥርም ራቁ። ግቢያችሁ እንደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሰፈሮች ተዳፋት ከሆነ ከላይ በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ፤ ቦታ ለማስፋት ብላችሁ ግን ዳገቱን በጥልቀት አትቁረጡ፣ የደሴ መሬት ክረምት ላይ እንደሚንሸራተት የማያውቅ የለም።

ልኩን ቆርቆሮው ይወስንላችሁ። የተለመደው ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፣ ወርዱ ሲደራረብ 80 ሳንቲ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ወለሉን 3 በ 3 ሜትር አድርጉት። በወርድ 5፣ በርዝመት 2፣ በጠቅላላው 10 ቆርቆሮ ምንም ሳይቆረጥ ይበቃል፣ በአራቱም በኩል ዝናብ የሚከላከል ትርፍም ይተርፋችኋል። ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ወፍራም ነው። 35 ረከሰ ብላችሁ ከምትገዙ 32 ግዙ።

ቋሚው ባህር ዛፍ ይሁን። ልጡን ልጣችሁ አድርቁት፣ መሬት የሚገባውን 60 ሳንቲ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት። ከኋላ ያሉት ቋሚዎች ከመሬት በላይ 2 ሜትር፣ የፊቶቹ 2 ከ 60 ይሁኑ፣ ውሃው በደንብ ይወርዳል። ዝቅ ያለውን ጎን ዝናብና ነፋስ ወደሚመጣበት አዙሩት። ቆርቆሮውን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ምቱ፣ የላይኛው የታችኛውን 20 ሳንቲ ይደርብ። ሚስማሩ ደግሞ የሚመታው ቆርቆሮው ከፍ ባለበት ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ የመታችሁ እንደሆነ ሐምሌ ላይ ሊጡ ውስጥ ይንጠባጠባል።

አሁን ምድጃው። እዚህ ጋ ዲዛይኑን ለግንበኛው ብቻ አትተዉት፣ ግንበኛው እንጀራ አይጋግርም። የምትጋግረዋ እሷ ቆማ ክንዷን ትዘርጋና ይለካ። አብዛኛው ሰው ምድጃውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ጎንበስ ማለት ዕድሜ ልክ ይሆናል። ከድንጋይና ከጭቃ 50 ሳንቲ ከፍታ ያለው መደብ ሥሩ። ከላዩ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ አስቀምጡ። ቁመቱ 24 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ምጣዱ 75 ሳንቲ ላይ ይውላል፣ ረጅም ሰው ከሆነች መደቡን ጨምሩ። ምርጥ ከሲሚንቶ የሚሠራ ሲሆን በክፍል በክፍል ተገጣጥሞ ክብ ይሆናል፣ ከኋላው ደግሞ በሚወጣው ሙቀት ወጥ የሚጣድበት አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ሌላው ወጪ ሁሉ አንዴ ነው፣ ማገዶ ግን ሁልጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን የምትሉም ብትሆኑ መብራት የጠፋ ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

ግድግዳ ሁለት ጎን ይበቃል፣ ነፋስ የሚመጣበትና ምድጃው የሚደገፍበት። በፊት በኩል ከክዳኑ ሥር ቢያንስ 30 ሳንቲ ክፍት ተዉ፣ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ዙሪያውን ዘግታችሁ ከሰል ማንደድ ለሕይወት አደገኛ ነው፣ እሱን አትሞክሩት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ከሥር 40 ሳንቲ ድንጋይ አድርጉለት፣ አለበለዚያ ከክዳን የሚወርደው ጠብታ እየተፈናጠረ ግርጌውን ይበላዋል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡኩና ሳምንት ያህል እየረገጣችሁ ይብላላ፤ ቸኩሎ የተለጠፈ ጭቃ ይሰነጠቃል። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ በልግ ሳይመጣባችሁ ይደርቃል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ግድግዳ በቂ ነው። ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችሁ ስለምትኖሩ ብርዱ አያሰጋችሁም፣ ሙቀቱ ነው የሚያስቸግራችሁ፤ የፊቱን ቋሚ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ምስጥ ካለባችሁ ደግሞ ዘይቱን አትርሱ።

ወለሉን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉበትና በሜትር 2 ሳንቲ ወደ ውጭ ያዘንብል። ማገዶ የሚቀመጥበት ከምድጃው አፍ ራቅ ብሎ ከክዳኑ ሥር ይሁን፣ እርጥብ ማገዶ ምርጥ ምድጃንም ያጨሰዋል።

ሁሉ ሲያልቅ በአንዴ ከባድ እሳት አታንድዱ። አዲስ ምድጃና እርጥብ መደብ ቀስ ብለው መድረቅ አለባቸው። ለጥቂት ቀን ትንሽ ትንሽ እሳት አንድዱ፣ ከዚያ ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሹና ጋግሩ።