የማረምና ማነጽ ሙያን ከደሴ ለሚጀምር ተማሪ

በወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ ተቋም ሕግ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ እየተማርክ በማረሚያ ቤት ለመሥራት ካሰብክ፣ ከሕጉ ጀምር። ስለ እስረኞች መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21፣ የ1996ቱን የወንጀል ሕግና 122 ደንቦች ያሉትን የማንዴላ ደንቦች (የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች) አንብብ።

ቀጥሎ የአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ የመፈታት፣ ስሌትን ተለማመድ። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ስድስት ዓመት፣ ሲፈጽም የአመክሮ ጥያቄ ሊታይለት ይችላል፤ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከፍርድ በፊት በእስር ያለፈውን ጊዜ ሳይቆጥር ሲቀር ነው። አንድ ወር ብትሳሳት ያ ወር የሰው ዕድሜ ነው፤ ደግመህ ቁጠር። ጊዜው መድረሱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጠባይ መታረሙና በተቻለ መጠን ጉዳት መካሱም ይታያል።

ለልምምድ ስትሄድ ከትምህርት ክፍልህ የትብብር ደብዳቤ ያዝ። ከታራሚው ጋር ስትቀመጥ ወንጀሉን አታስቀድም፤ ሰውየው ይዘጋብሃል። ስለ ቤተሰቡና ስለሚችለው ሥራ ጠይቅ። በማስታወሻህ ላይ የታራሚውን ስም አትጻፍ፤ መለያ ቁጥር ይበቃል።

ዋናው ሥራ የመውጫው ዕቅድ ነው። ብየዳ የተማረ ታራሚ ኮምቦልቻ ሥራ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚባለው «ዋስ አምጣ» ነው። ስለዚህ ከመፈታቱ ከወራት በፊት ሦስት ነገር አጣራ፦ የመጀመሪያውን ሌሊት የት ያድራል? ማን ዋስ ይሆነዋል? የብቃት ምዘናውን ወስዷል? ከተበዳይ ወገን ጋር ቂም ካለ ደግሞ ሽማግሌዎች ቀድመው ይነጋገሩ፤ ይህ ሳይሆን ወደ ሰፈሩ መመለስ ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው።