«ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ አምኖ ስልክ መዝጋት፦ በሙቀት ማዕበል ወቅት ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ለብዙ ዓመታት በድንገተኛ ክፍል በነርስነት ከሠራሁ በኋላ፣ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ጀመርኩ። በየዓመቱ አዳዲስ ፊቶች ይመጣሉ፤ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ውሃ በብዛት ጠጡ፣ በቀትር ፀሐይ አትውጡ የሚለውን ምክር እዚህ አልደግመውም፤ ይህን ያልሰማ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት፣ ሙቀት የሚገድለው ደጅ ነው የሚለው እምነት ነው። ዜናው የሚያሳየን በአደባባይ ፏፏቴ ሥር የሚንቦራጨቁ ልጆችንና ጃንጥላ የያዙ መንገደኞችን ስለሆነ፣ አደጋውም እዚያው ፀሐይ ላይ ያለ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሙቀት ምክንያት 619 ሰዎችን ስታጣ፣ ከእነዚህ ውስጥ 98 በመቶው ለጉዳት የተዳረጉት ቤት ውስጥ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ቺካጎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ነዋሪዎቿን ስትቀብር፣ ብዙዎቹ የተገኙት መስኮቱና በሩ ተዘግቶ፣ ጠያቂ ባልነበረው ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ጎዳናውን ብቻ እያሰበ የሚዘጋጅ ከተማ፣ ሰዎቹ ወደሌሉበት ቦታ ነው የሚሮጠው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ስህተት ልምጣ። ሠልጣኞቼ እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ እንደሚል ያውቃሉ፤ ምክንያቱም ስህተቱን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሙቀቱ በገባ በሦስተኛው ቀን የስም ዝርዝር ይዤ እየደወልኩ ነበር። በተራ በተራ ስደውል አንድ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ጋ ደረስኩ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ውሃ ይጠጣሉ?»

«እጠጣለሁ፣ አታስብ።»

ከስማቸው ጎን ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ንግግራችን አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። በማግሥቱ ጎረቤታቸው ተጠራጥሮ በሩ ሲከፈት፣ አልጋቸው ላይ ሹራብ እንደለበሱ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ፣ የሚናገሩት ሁሉ ተምታቶባቸው ተገኙ። አዎ፣ ሹራብ። ተረፉ፤ ኩላሊታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

አዛውንቱ አልዋሹኝም። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ሰውነትም መሞቁን በጊዜው አያሳውቅም፤ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ደግሞ አስቀድሞ የሚነካው ማመዛዘንን ነው። ስለዚህ «ደህና ነዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ በተበላሸ ሚዛን መዝኖ ልክ ነው ብሎ እንደ መተማመን ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ፣ ሰው ላስቸግር ብሎ የማያውቅ ትውልድ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። አሁን የምናስጠይቀው በቁጥርና በድርጊት የሚመለሱ ነገሮችን ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ስንት ይላል? ዛሬ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዱ፣ መልኩስ ጠቆር ብሏል? ምሳ ምን በሉ? ቀኑ ማን ነው? ስልኩን ሳይዘጉ መስኮቱን ከፍተው ይምጡልኝ እስቲ። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተዘበራረቀ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ሰው ይላካል። ቢቻል ደግሞ ከመጀመሪያውም ስልኩን ትቶ መሄድ ነው። ቺካጎ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1999 ሌላ ብርቱ ሙቀት ሲያገኛት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በስልክም በአካልም እየተከታተለች ስለነበር የሟቾቹ ቁጥር ከ1995ቱ እጅግ ያነሰ ሆነ።

ሌላው ስህተት ሌሊቱን መርሳት ነው። አደጋውን የምንለካው ቀን ላይ በተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ቀን የተሸከመውን ሙቀት የሚያራግፈውና ልብም የሚያርፈው ሌሊት ነው። ኮንክሪትና አስፋልት ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙትን ሙቀት ከምሽት ጀምሮ ስለሚለቁት፣ የከተማ መሐል ሌሊት ከአካባቢው ገጠር ይልቅ በበርካታ ዲግሪ ሞቆ ያድራል። በጣራ ሥር ያሉ ክፍሎች በጣም የሚግሉትም አመሻሽ ላይ ነው። ታዲያ ብዙ ከተሞች ሰው እንዲቀዘቅዝባቸው ያዘጋጇቸው አዳራሾች የሚቆለፉት የቢሮ ሰዓት ሲያልቅ፣ ማለትም ሰው በጣም በሚፈልጋቸው ሰዓት ነው። አንድ ምሽት እንዲህ ያለ አዳራሽ በር ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዘበኛውን የሚለምኑ እናት አይቻለሁ። ዘበኛው ደግ ሰው ነበር፤ ቁልፉ ግን እሱ ዘንድ አልነበረም።

በቬንትሌተር ላይ ያለው እምነትም ልክ ሊበጅለት ይገባል። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሚሠራው ላባችን ቶሎ እንዲተን በማድረግ ነው። የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሞቀ አየር ሲነፍስብን ሙቀት ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ ይህን የሚያካክሰው ላብ ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቬንትሌተር ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሰውነትን ማሞቅ እንደሚጀምር ያስጠነቅቃል፤ ላባቸው ለቀነሰ አረጋውያን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ጥቅሙ ያበቃል። ክንድን፣ አንገትንና ፊትን በውሃ እያረጠቡ መጠቀም ብዙ ይረዳል፤ በደረቀ ቆዳ ላይ የጋለ አየር መንፋት ግን ጉዳት ነው።

መስኮትን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መዋልም እንዲሁ ነው። ደጁ ከቤቱ ሲሞቅ ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። ፀሐይንም ከመስታወቱ ውጭ ማስቀረት ከውስጥ መጋረጃ ከመጋረድ በእጅጉ ይሻላል፤ ጨረሩ አንዴ መስታወቱን ካለፈ ሙቀቱ ቤት ገብቷልና።

«ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ልጅን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ፦ በፍጹም።

የሥራ ቦታ ስህተቶች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ በሥራው በሁለተኛ ቀኑ ራሱን ስቶ ወደ እኛ መጣ። ባልደረቦቹ በፒክአፕ ጭነው እየከነፉ አመጡት፤ ከጎኑ ውሃ የሞላ ጀሪካን ነበር፣ አንዲት ጠብታ ግን ሰውነቱ ላይ አላረፈችም። «ሐኪም ሳያየው እንዳንጎዳው ፈርተን» አሉን። ልባቸው ተሰብሮ ስለነበር አልተቆጣኋቸውም፤ አንባቢ ግን ይህን ይያዝልኝ። በሙቀት የተመታ፣ የሚቀባዥር ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሲያጋጥም አምቡላንስ ይጠራል፣ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ወዲያው ማቀዝቀዝ ይጀመራል፦ ወደ ጥላ መውሰድ፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ከተቻለ አንገቱን እያስደገፉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ካልተቻለ ውሃ ሳያቋርጡ ማፍሰስና ማራገብ። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ አንጎልን ይጎዳል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማውረድ የሕይወት ጉዳይ ነው። እያላበው ነውና በሙቀት አልተመታም ማለት አይቻልም፤ ጉልበት ሲሠሩ የሚወድቁ ሰዎች ላብ በላብ ሆነው ይገኛሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይሰጥም። ፓራሲታሞል ለዚህ ሙቀት አይሠራም፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል።

ወጣቱ በሁለተኛ ቀኑ መውደቁ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር እንደሚለው፣ በሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ነው፤ ከ70 በመቶ በላዩ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። ምክሩም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው ሥራ 20 በመቶውን ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚያም በየቀኑ 20 በመቶ እየተጨመረ እንዲሄድ ነው። «ጠንካራ ነው፣ ይችላል» የሚል አሠሪ ስለ ጡንቻ እያወራ ነው፤ ይህ ግን የጡንቻ ጉዳይ አይደለም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይም የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒትና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስዱ፣ ወቅቱ ሳይገባ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ሌላ ስህተት ነው።

የከተማ አስተዳደሮች ስህተት በአብዛኛው ፎቶግራፍ የሚያምርበትን መምረጥ ነው። በአንድ ቅዳሜ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ይተከላል፤ በመጀመሪያው በጋ ግን ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይመደብም፤ የዛፍ ጥላም ለዓመታት የሚጠበቅ እንጂ ለዘንድሮ ሙቀት የሚደርስ አይደለም። መንገድን በፈዛዛ ቀለም መቀባትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፦ በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ የተደረገው ሙከራ የመንገዱን ወለል ቢያቀዘቅዝም፣ ቀትር ላይ የሚንጸባረቀው ጨረር በላዩ የሚሄደውን ሰው ሲያሞቀው ታይቷል። ያው ቀለም ሰው በማይሄድበት በጣራ ላይ ሲሆን ግን፣ ከሥሩ ለሚተኙት ዛሬውኑ ለውጥ ያመጣል። ሁሉንም ለኤሲ መተውም መፍትሔ አይሆንም፤ ኤሲ ከቤት ያወጣውን ሙቀት የሚጥለው ጎዳና ላይ ነው፣ መብራት በጠፋ ሰዓት ደግሞ የለም። ቢሆንም ለታመመና ለአረጋዊ ሰው አንድ የቀዘቀዘ ክፍል ሕይወት ስለሚያድን፣ ኤሲን በጅምላ የሚያወግዙ ሰዎች ንግግር አይዋጥልኝም።

የሕንዷ አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 በደረሰባት ሙቀት፣ በወሩ ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች እንደሞቱባት ተሰልቷል። በ2013 ያወጣችው ዕቅድ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም፦ በቀለም የተከፈለ ማስጠንቀቂያ፣ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ መወሰን። ከዚያ ወዲህ የተካሄደ ጥናት በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሞት እንደቀረ ገምቷል። እኔ ያየኋቸው ብዙ ዕቅዶች ግን «የሚመለከታቸው አካላት ይተባበራሉ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ ማን፣ በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚደወልለት ግን የትም አይጻፍም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ማስጠንቀቂያው በተነሳ ማግሥት ጉብኝቱን ማቋረጥ ነው። ደጁ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ገና አልቀዘቀዘም፤ የደከመውም ሰው እንዲሁ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞቼን ለሁለት ተጨማሪ ቀናት አዞራቸዋለሁ፤ ያጉረመርማሉ። ባለፈው ጊዜ አንዷ ልጅ ከእንዲህ ዓይነቱ «ትርፍ» ጉብኝት ደወለችልኝ፦ ደጁ 24 ዲግሪ ሆኖ ነፋሻ ነበር፤ የሴትየዋ መኝታ ክፍል ቴርሞሜትር ግን 33 ይላል፣ መስኮቱም ከሳምንት በፊት እንደተዘጋ ነው። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። መስኮቱን ከፍተሽ፣ ፎጣ አርጥበሽ፣ አጠገባቸው ቁጭ በይ አልኳት።