በሽንት ውስጥ የበዛ ኦክሳሌትን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ኦክሳሌት ጉበታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከአትክልትና ከጥራጥሬም የምናገኘው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከሰውነት የሚወጣው በዋነኛነት በሽንት ነው። በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ መጠኑ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ግራም ካለፈ እንደበዛ ይቆጠራል። ሲበዛም ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር ይሠራል፤ በብዛት የሚታየው የኩላሊት ጠጠር ይኸው ነው። ጠጠሩ ወጥቶ ሕመሙ ቢያልፍም ጉዳዩ አልቋል ማለት አይደለም፤ ኦክሳሌቱ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየተከማቸ ቁስለትና ጠባሳ ሊያስከትል፣ ሲከፋም ኩላሊቱን ሊያደክም ይችላል።

በመጀመሪያ ይለኩ። ሐኪም የ24 ሰዓት ሽንት ሲያዝዝ፣ ጠዋት እንደተነሡ የሚወጣውን ሽንት ደፍተው ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት የሚወጣውን ሁሉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚወጣውን ጨምረው፣ ላቦራቶሪው በሰጠዎት ዕቃ ያጠራቅሙ። አንዴ እንኳ ቢያመልጥዎ ውጤቱ ከእውነተኛው አንሶ ስለሚወጣ፣ ገበያም ለቅሶም የሌለበትን፣ ቤት የሚውሉበትን ቀን ይምረጡ። ምግብዎንም ለምርመራው ሲሉ አይለውጡ።

ቀጥሎ ውኃ ይጠጡ። ግቡ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት መሽናት ነው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርዱ ጥምን ያስረሳል፤ በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ውኃው በላብ ያልቃል፤ ስለዚህ በሁለቱም ስፍራ ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አይበጅም። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት።

ከምግብ በኩል ኦክሳሌት የሚበዛባቸው ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ለውዝና ሰሊጥ ናቸው፤ የሐበሻ ጎመን ግን ከቆስጣ እጅግ ያነሰ ስላለው ለወጥ የተሻለ ምርጫ ነው። ቆስጣ ካማረዎት ከትፈው በብዙ ውኃ ይቀቅሉት፤ ከዚያ አጥልለው ውኃውን ይድፉትና ቅጠሉን ብቻ በሽንኩርት ያቁላሉት። ኦክሳሌቱ ጥቂት የማይባለው ከቅቅሉ ውኃ ጋር ይወገዳል፤ በዚያው ውኃ ከተንተከተከ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው «ጠጠሩ የካልሲየም ነው» ብሎ ወተትና አይብ ይተዋል። ይህ ጎጂ ነው። ካልሲየም ከምግቡ ጋር አብሮ ሲበላ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋልና፣ በፍስክ ቀን ቆስጣውን ከአይብ ጋር ይመገቡ። በጾም ወራት ወተት ስለሚቀር፣ በተለይ ያኔ ቆስጣና ቀይ ሥር መቀነስ፣ ጎመን ማዘውተር ይገባል።

ጨውም ይቀንሱ። የቫይታሚን ሲ እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ ትርፉ ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል።

በሕፃንነት ጠጠር የታየበት፣ ጠጠር የሚመላለስበት ወይም አንጀቱ የተቆረጠ ሰው በምግብ ብቻ ላይድን ስለሚችል፣ ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት ይሂድ፤ በዘር የሚወረስ ዓይነትም አለ። ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት ከተቋረጠ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።